ከበራችሁ ፊት ያለውን ዛፍ ማወቅ፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ ነዋሪ የተዘጋጀ መመሪያ

ደሴ የሚኖር ሰው ከቤቱ እስከ ሥራ ቦታው ባለው መንገድ ላይ ስንት ዓይነት ዛፍ እንዳለ ብትጠይቁት፣ «ከባሕር ዛፍ ሌላ ምን አለ?» ብሎ ሊመልስላችሁ ይችላል። የእኔም መልስ ለብዙ ዓመት ይኸው ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ግን ሁልጊዜ ባጃጅ የምጠብቅበት ጥላ ጠፍቶ አገኘሁት። ዛፉ ለመንገድ ማስፋፊያ ተቆርጦ እርጥብ ጉቶው ብቻ ቀርቷል። ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ልነግራት ስል ስሙን አጣሁት። ቅጠሉ ሰፊ ነበር ወይስ ጠባብ? ያብብ ነበር? ስምንት ዓመት ሙሉ ከዝናብና ከፀሐይ ያስጠለለኝን ዛፍ አንድ ጊዜ እንኳ ቀና ብዬ አላየሁትም ነበር። የሚከተለው ሁሉ ከዚያ ጉቶ የተጀመረ ነው።

እኛ ወሎዬዎች ከዛፍ ጋር ባዕዳን አይደለንም። ወይራን በጭሱ፣ ወይባን በእናቶቻችን ጭስ መሞቅ፣ ዋንዛን በበሩና በከበሮው፣ ባሕር ዛፍን በማገሩ እናውቃለን። ችግሩ የምናውቃቸው ከተቆረጡ በኋላ መሆኑ ነው። ከሰል በማዳበሪያ ገዝቶ የሚያነድ የከተማ ሰው ደግሞ ይህም እውቀት አልቀረለትም። ስለዚህ መመሪያው የሚጀምረው ከቆመው ዛፍ ነው፤ ያውም ከአንድ ዛፍ።

አንደኛ፦ አንድ ዛፍ ምረጡ

ትልቁን ወይም ውቡን ዛፍ አትፈልጉ። የምትመርጡት ዛፍ ሁለት ነገሮችን ያሟላ፤ በሳምንት ቢያንስ ሦስት ጊዜ የምታልፉበት ቦታ ይሁን፣ ከሥሩም ሰው ሳትረብሹ አሥር ደቂቃ መቆም የምትችሉበት ይሁን። የትምህርት ቤት አጥር ጥግ፣ የቡና ቤት ደጃፍ፣ የቀበሌ ቧንቧ አጠገብ ሊሆን ይችላል። ጦሳ ተራራ ላይ ያለው ጫካ ይቆያችሁ። ብዙ ሰው ጫካ በመሄድ ይጀምርና ሁሉም ነገር አረንጓዴ ሆኖበት ይመለሳል። ዓይን የሚሠለጥነው በአንድ ዛፍ ነው፤ ያ አንዱ በደንብ ሲታወቅ ቀሪዎቹ በልዩነታቸው ራሳቸው ብቅ ይላሉ።

ሁለተኛ፦ ከሥር ወደ ላይ እዩ

ሰው ዛፍ ሲያይ ዓይኑ ወደ ቅጠሉ ይሮጣል። እናንተ ከመሬት ጀምሩ። ሥሩ አስፋልቱን አንሥቶታል? ደሴ ቁልቁለት ላይ የተሠራች ከተማ ስለሆነች፣ አፈሩ በጎርፍ ታጥቦ ሥራቸው ክንድ ያህል የተራቆተ ዛፎች በየጥጉ ታገኛላችሁ። ያ የተራቆተ ሥር ስንት ክረምት አፈር እንደሄደ የሚያሳይ ምልክት ነው።

ቀጥሎ ቅርፊቱን በእጃችሁ ንኩ። ባሕር ዛፍ ቅርፊቱ በረጃጅሙ እየተላጠ ይንጠለጠላል፤ ከሥር ያለው ለስላሳና ነጣ ያለ ነው። ጥድ ቅርፊቱ በቀጫጭን ክር መልክ ይሰነጠቃል። ያረጀ ወይራ ግንድ ደግሞ የተጠማዘዘ፣ ጉድጓድ ጉድጓድ የበዛበት ነው። ከዚያ ቅርንጫፎቹ ከግንዱ የሚወጡበትን ማዕዘን ተመልከቱ፤ ወደ ሰማይ ይሾላሉ ወይስ እንደ ግራር በአግድም ይዘረጋሉ? በመጨረሻ አንድ የወደቀ ቅጠል አንሡና ገልብጡት። የቅጠል ጀርባ ከፊቱ የበለጠ ይናገራል፤ ለምን እንደሆነ ከታች እመለስበታለሁ። ቅጠሉን በጣታችሁ ጨፍልቃችሁ አሽትቱ። ወተት የመሰለ ፈሳሽ ከወጣው ግን ወደ ፊታችሁ አታስጠጉት። ለአጥር የሚተከለው ቅንጭብ እና ቁልቋል ወተታቸው ዓይን ውስጥ ከገባ ክፉኛ ይጎዳል፤ ልጆች ይዛችሁ ከወጣችሁ ይህን አስቀድማችሁ ንገሯቸው።

ሦስተኛ፦ በመቀነት ለኩት

መለካት ለባለሙያ ብቻ የተተወ ሥራ አይደለም። መቀነት፣ ሲባጎ ወይም ማንኛውም ገመድ ይዛችሁ የግንዱን ዙሪያ ከመሬት 1.30 ሜትር ከፍታ ላይ ጠምጥሙ። የደን ባለሙያዎችም የሚለኩት በዚሁ ከፍታ ነው፤ በአብዛኛው ሰው ደረት አካባቢ ይውላል። ዛፉ ቁልቁለት ላይ ከሆነ 1.30 ሜትሩን ከላይኛው ወገን፣ መሬቱ ከፍ ካለበት በኩል ቁጠሩ። የገመዱን ርዝመት በሜትር ለክታችሁ ቀኑንና ቁጥሩን ጻፉ። የለካችሁበትን ከፍታ በግንዱ ላይ በቢላዋ አትቁረጡ፤ በኖራ ትንሽ ነጥብ ማድረግ ይበቃል።

ቁመቱን ለማወቅ አንድ ጭራሮ በቂ ነው። ክንዳችሁን ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ፊት ዘርጉና ከዓይናችሁ እስከ ጡጫችሁ ያለውን ርቀት የሚያክል ጭራሮ ስበሩ። ክንዳችሁ እንደ ተዘረጋ ጭራሮውን ወደ ላይ ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ፤ የታችኛው ጫፍ ከዛፉ እግር፣ የላይኛው ጫፍ ከዛፉ አናት ጋር እስኪገጥም ድረስ ወደ ኋላ ሂዱ። ሲገጥም ካላችሁበት እስከ ዛፉ ያለው ርቀት ከዛፉ ቁመት ጋር እኩል ይሆናል። በእርምጃ ቁጠሩት። ደሴ ውስጥ ይህን ስትሠሩ ወደ ዳገቱም ወደ ቁልቁለቱም ሳይሆን በጎን፣ ከዛፉ እግር ጋር በተመሳሳይ ከፍታ ላይ ሂዱ፤ አለዚያ ልኩ ይዛባል።

ዕድሜውን ከጉቶ ክቦች ለመቁጠር የምትፈልጉ ካላችሁ፣ በእኛ አገር ይህ አስተማማኝ አይደለም። ክብ የሚፈጠረው ዛፉ ማደግ አቁሞ እንደገና ሲጀምር ነው። በወሎ ደግሞ በልግም ክረምትም ስለሚዘንብ፣ ዛፉ በአንድ ዓመት ሁለት ጊዜ ሊያርፍና ሁለት ጊዜ ሊነሣ ይችላል።

አራተኛ፦ ስሙን ከሰው ጠይቁ

በስልክ ፎቶ አንሥተው ስም የሚነግሩ መተግበሪያዎች አሉ። ሞክሬአቸዋለሁ፤ ከውጭ የመጡትን ዛፎች ደኅና አድርገው ያውቃሉ፣ በአገራችን ዛፎች ላይ ግን ብዙ ጊዜ አሳስተውኛል። የተሻለው መንገድ ሰው መጠየቅ ነው። የግቢ ጠባቂ፣ ችግኝ ሻጭ፣ እንጨት ተሸክመው ወደ ከተማ የሚመጡ እናቶች፣ ከቤተ ክርስቲያን ወይም ከመስጊድ ደጃፍ የተቀመጡ አዛውንት ያውቃሉ። ሰላምታው ሳያልቅ ጥያቄ አይጀመር። የቤተሰብ ደኅንነት፣ የዝናቡ ነገር ይቅደም፤ ከዚያ «አባባ፣ ይህ ዛፍ ምን ይባላል? ልጅ ሆነው እዚህ ነበር?» በሉ። ሁለተኛው ጥያቄ ከመጀመሪያው የበለጠ ዋጋ አለው። አንድ አዛውንት ስለ አንድ ብሳና ጠይቄአቸው ስሙን በአንድ ቃል ነግረውኝ፣ ዛፉን ማን እንደ ተከለው፣ ከሥሩ ማን እንደ ታረቀ፣ የትኛው ቅርንጫፍ በየትኛው ክረምት እንደ ወደቀ እስከ አሱር ሰላት ድረስ አጫውተውኛል።

ወሎ ውስጥ አንድ ዛፍ ከአንድ በላይ ስም አለው፤ ሁሉንም ጻፉ። በኦሮምኛ ጥድ ጋቲራ፣ ወይራ ኤጄርሳ፣ ዋንዛ ወዴሳ፣ ኮሶ ሔጦ፣ ዋርካ ቅልጡ ይባላል። ከኮምቦልቻ ወደ ከሚሴ ስትወርዱ የምታገኟት የሐርቡ ከተማ ስምም በኦሮምኛ የሾላ ዛፍ ስም ነው። ይህን ካወቅሁ በኋላ በዚያ መንገድ ሳልፍ ሾላ ሳልፈልግ አልፌ አላውቅም።

አምስተኛ፦ የሚያደናግሩትን ለዩ

የመጀመሪያ ዛፋችሁን ስታውቁ በመንገዱ ላይ ያሉት ሌሎቹ መጣራት ይጀምራሉ። እዚህ ላይ ጊዜ ስጡት፤ የሥራው ደስታ ያለው እዚህ ነውና።

ሁለቱ ጥዶች፦ «ጥድ» የምንለው ሁሉ አንድ አይደለም። የአገሩ ጥድ እና የፈረንጅ ጥድ ከሩቅ ይመሳሰላሉ፤ የሚለያቸው ፍሬያቸው ነው። የፈረንጅ ጥድ ፍሬ እንደ እንጨት የጠነከረ ክብ ሲሆን ሲደርቅ በየክፋዩ ይከፈታል። የአገሩ ጥድ ግን ትንሽ፣ ለስላሳ፣ ሰማያዊ መልክ ያላት ፍሬ አላት። ፍሬ የሌለው የአገር ጥድ ብታገኙ አይግረማችሁ፤ ወንዴውና ሴቴው በአብዛኛው ለየብቻ የሚቆሙ ዛፎች ናቸው፣ ፍሬ የምታፈራው ሴቴዋ ብቻ ናት። የፈረንጅ ጥድ የመጣው ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ ነው። አጥር ሆኖ ተከርክሞ የምታዩት ብዙ ጊዜ እርሱ ነው፤ በአሮጌ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ያለው ግን አብዛኛውን ጊዜ የአገሩ ነው።

ሁለቱ ባሕር ዛፎች፦ በደሴ ብርድ የሚስማማው ነጭ ባሕር ዛፍ ነው፤ ወደ ኮምቦልቻና ከዚያ በታች ወዳለው ሙቀት ሲወረድ ቀይ ባሕር ዛፍ ይበዛል። የወደቀ ፍሬ ፈልጉ። የነጩ ፍሬ ትልቅ፣ ሸካራ፣ የአውራ ጣት ጫፍ የሚያህል ነው፤ የቀዩ ግን ጥቃቅንና በዘለላ የተንጠለጠለ ነው። ነጩ ደግሞ አንድ የሚደነቅ ጠባይ አለው፤ በልጅነቱና ከጉቶ ሲያቆጠቁጥ ቅጠሉ ሰፊ፣ ሰማያዊ አመድ የተነሰነሰበት የሚመስል፣ ያለ እጀታ ከግንዱ ጋር የተጣበቀ ነው። ሲያድግ ግን እንደ ማጭድ የቀጠነና ወደ ታች የተንጠለጠለ ይሆናል። አንድ ዛፍ ላይ ሁለቱን ቅጠል ያየ ሰው ሁለት የተለያዩ ዛፎች አጠገብ ለአጠገብ የበቀሉ ሊመስለው ይችላል። ባሕር ዛፍ ወደ አገራችን የገባው በዐፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ ዓ.ም. ማብቂያ አካባቢ ነው፤ የትውልድ አገሩ አውስትራሊያ ነው። ቶሎ ማደጉ፣ ከብት የማይበላው መሆኑ፣ ተቆርጦ እንደገና ማቆጥቆጡ እንዲህ አስፋፋው። ውኃ ይመጥጣል ተብሎ ብዙ ይወቀሳል፤ ወቀሳውም እውነት አለው። ቢሆንም በሐምሌ የደሴ ጉም ሲወርድ፣ ባሕር ዛፎቹ ጉሙን በቅጠላቸው አጥምደው ጠብ ጠብ ሲያደርጉት ከሥራቸው ቆሜ ሰምቻለሁ። ያን ድምፅ ሳትሰሙ አትፍረዱበት።

ወይራ፦ የቅጠል ጀርባ ያልሁት እዚህ ነው የሚጠቅመው። የወይራ ቅጠል ፊቱ ጥቁር አረንጓዴና የሚያብረቀርቅ፣ ጀርባው ግን ወርቃማ ወይም ቡናማ ነው። ነፋስ ሲነካው ዛፉ ሁለት ቀለም ሆኖ የሚገላበጠው ለዚህ ነው። ግራቪሊያም ነፋስ ሲመታው ቀለም ይቀይራል፤ የእርሱ ጀርባ ግን የብር ቀለም አለው፣ ቅጠሉም የተከፋፈለ ነው። ብርቱካናማ አበባው የጥርስ ብሩሽ ይመስላል።

ሸውሸዌ፦ ስሙን ያገኘው ከድምፁ ነው፤ ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ራሱን ይጠራል። መርፌ የመሰለውን አረንጓዴ ነገር ቅጠል ነው ብላችሁ እንዳትሳሳቱ፤ ቀጭን ጭራሮ ነው። አንዱን ያዙና በቀስታ ሳቡት፣ በየመገጣጠሚያው ይነቀላል። እውነተኛ ቅጠሎቹ በየመገጣጠሚያው ዙሪያ ያሉት ጥቃቅን ጥርሶች ናቸው። ለልጆች ከዚህ የተሻለ የመንገድ ዳር ትምህርት አላውቅም።

ቁንዶ በርበሬ፦ እንደ ፀጉር የሚንጠለጠሉ ቅርንጫፎችና ሮዝ ፍሬዎች ያሉት፣ በየመንገዱ ዳር የምናገኘው ዛፍ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ ነው። በወጥ ውስጥ የምንጨምረው ቁንዶ በርበሬ ግን ከሌላ ተክል፣ ከሐረግ ላይ የሚለቀም ነው። ስማቸው አንድ ስለሆነ ብዙዎች ያምታቷቸዋል።

ብሳና፦ ቅጠሉ የልብ ቅርጽ አለው። ከመርገፉ በፊት ደማቅ ብርቱካናማ ስለሚሆን፣ ከአረንጓዴው መካከል ሁልጊዜ ጥቂት የሚነዱ የሚመስሉ ቅጠሎች አይጠፉበትም። ከባጃጅ ውስጥ ሆናችሁ እንኳ የምትለዩት ዛፍ ይህ ነው።

ኮሶ፦ ወንዴና ሴቴ ለየብቻ ነው። የሴቴዋ አበባ ቀላ ያለ፣ የወንዴው ነጣ ወይም ብርቱካናማ የሆነ ትልቅ ዘለላ ሆኖ ይንጠለጠላል። ያ አያቶቻችን ፊታቸውን ጨፍግገው የጠጡት የኮሶ ትል መድኃኒት የሴቴዋ አበባ ነው። ኮሶ ብርድ ይወዳል፤ ደሴና ከደሴ በላይ ፈልጉት።

ዋርካና ሾላ፦ ሾላ ፍሬውን ከግንዱና ከወፍራም ቅርንጫፎቹ ላይ በዘለላ ያወጣል፤ ዋርካ ግን ከቅጠሎቹ መካከል። ሁለቱም አበባ የላቸውም ይባላል፤ አበባቸው ያለው በፍሬው ውስጥ ነው። ያልበሰለ ፍሬ ለሁለት ብትከፍሉ ውስጡን የሞሉትን ጥቃቅን አበቦች ታያላችሁ። የሚያዳቅሏቸው በፍሬው አናት ላይ ባለች ጠባብ ቀዳዳ የሚገቡ፣ ከጉንዳን ያነሱ ተርቦች ናቸው።

ስድስተኛ፦ የሐረጎን ቁልቁለት በመስኮት አንብቡ

ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ ደግሞ ወደ 1,850 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው። በመካከላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። በአንድ ሰዓት ባልሞላ ጉዞ ከብርድ ወደ ሙቀት የሚወስድ መንገድ ማግኘት ለዛፍ ተመልካች ትልቅ በረከት ነው። ሚኒባሱ ውስጥ የመስኮት መቀመጫ ያዙ፤ ስልካችሁን ኪስ አስገቡ። ከደሴ ስትወጡ ባሕር ዛፉና ጥዱ አብረዋችሁ ናቸው። በሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ ስትወርዱ ቀስ በቀስ ግራሩ፣ ቁልቋሉ፣ ክትክታው ይበዛል። የትኛው ዛፍ በየትኛው መታጠፊያ ላይ መጀመሪያ እንደ ታየ ጻፉ፤ ስትመለሱ ደግሞ የት እንደ ጠፋ። ኮምቦልቻ ስትደርሱ ደሴ ላይ ብርድ የሚፈራውን የድሬዳዋ ዛፍ ፈልጉ፤ ሙቀቱ ሲበረታ እሳት በሚመስል ቀይ አበባ ይሸፈናል። ከከተማው በላይ የጎፍ ተራራ ደን ይታያችኋል፤ የከተማውን ዛፎች ካወቃችሁ በኋላ የምትወጡበት እርሱ ነው።

ሰባተኛ፦ የዓመቱን ዑደት ጻፉ

አንድ ደብተር ግዙ፤ በየወሩ አንድ ገጽ ለዛፋችሁ ስጡ። ቅጠል ረገፈ? እንቡጥ አወጣ? ንብ አለ? የምን ወፍ ጎጆ ሠራ? ሦስት መስመር ይበቃል።

ምን እንደምትጠብቁ ጥቂት ልጠቁም። ክረምቱ አልፎ መስቀል ሲቃረብ ሁሉም ሰው አደይ አበባን ያያል፤ እናንተ ቀና በሉ፣ ዋንዛ በነጭ አበባ መልበስ የሚጀምረው ዝናቡ ማብቂያ ላይ ነው። ኋላም ልጆች የሚለቅሙት፣ ጣት ላይ የሚጣበቅ ጣፋጭ ቢጫ ፍሬ ይሰጣል። በበጋው ኮሶ ያብባል። ሁሉም ነገር በደረቀበት ወቅት ደግሞ ኮርች ቅጠሉን አራግፎ ባዶ ቅርንጫፉን በቀይ አበባ ይሞላዋል። ኮርች ከኢትዮጵያ ውጭ በተፈጥሮ የማይገኝ፣ የራሳችን ዛፍ ነው። እሾሃም ስለሆነ ለአጥር ይተከላል፣ ስለዚህም ማንም ልብ አይለውም፤ የአበባ ማር የሚቀስሙ ትንንሽ ወፎች ግን ያውቁታል። መጋቢትና ሚያዝያ ጃካራንዳ ካለበት ሰፈር አስፋልቱ ወይን ጠጅ ይሆናል። የበልግ ዝናብ በመጣበት ዓመትና በቀረበት ዓመት የዛፋችሁን ቅጠል ማወዳደር ደግሞ ወሎ ላይ ብቻ የሚገኝ ያህል የተለየ ትምህርት ነው፤ ስለዚህ የካቲትን አትዝለሉ።

ስምንተኛ፦ በአጸዶችና በግቢዎች ስለ መግባት

በከተማ ውስጥ ያረጁ ዛፎች የተረፉት በአብዛኛው በቤተ ክርስቲያን ቅጽር፣ በመስጊድ ግቢ፣ በመካነ መቃብርና በመሻይኮች ዚያራ አጠገብ ነው። በእነዚህ ቦታዎች ሰው እጁን የሰበሰበው ፈሪሃ ፈጣሪ ስላለው ነው፤ ስለዚህ እናንተም በዚያው መንፈስ ግቡ። አስፈቅዱ፣ ጫማ የሚወለቅበት ቦታ ካለ አውልቁ፣ በጸሎትና በሰላት ሰዓት አትዘዋወሩ። የወደቀ ቅጠል ከማንሣት በቀር ምንም አትቅጠፉ። ሐይቅ እስጢፋኖስ ለመሄድ ካሰባችሁ፣ ወደ ወንዶች ገዳሙ ሴቶች እንደማይገቡ አስቀድማችሁ እወቁ፤ የሐይቁ ዳርቻ ግን ለሁሉም ክፍት ነው፣ ዛፎቹም ከዚያ በደንብ ይታያሉ። በመንግሥት መሥሪያ ቤትና በካምፕ አጥር አጠገብ ደግሞ ካሜራ ከማውጣት በፊት ዘበኛውን አነጋግሩ። ዛፍ እያነሣሁ ነው ብትሉ ለማመን ይቸገራል፤ ደብተራችሁን ብታሳዩት ግን፣ እኔ እንዳየሁት፣ የሚያውቀውን ዛፍ ሁሉ ይነግራችኋል።

ጳጉሜን ሲገባ መቀነታችሁን ይዛችሁ ወደ መጀመሪያው ዛፍ ተመለሱ። የኖራውን ነጥብ ፈልጉና በዚያው ከፍታ ዙሪያውን እንደገና ለኩ፤ ቁጥሩን ከአምናው ሥር ጻፉ። ባሕር ዛፍ ከሆነ ልዩነቱ በግልጽ ይታያል። ወይራ ከሆነ ምናልባት የጣት ውፍረት ያህል እንኳ አይጨምርም፤ ቢሆንም ጻፉት።